ረስትዴስክን በራሳችሁ ሪሌይ ሰርቨር ማስኬድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከርቀት ሆኖ የሰው ኮምፒውተር የሚያስተካክል ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህን ማሰቡ አይቀርም። በሌላ ኩባንያ ሰርቨር በኩል ከማልፍ የራሴን ባቆምስ? ይቻላል። ያን ያህል ከባድም አይደለም። ግን መጫኑ ቀላሉ ክፍል ነው። ሰው የሚቸገረው በፖርቶቹ (ዳታ በሚገባባቸው የሰርቨሩ በሮች)፣ በቁልፉና በፓስዎርዱ ስለሆነ እኔም እዚያ ላይ ረዘም አድርጌያለሁ። መልሶቹ በዋናነት ስለ ረስትዴስክ ናቸው፤ ከርቀት ሆኖ የሌላውን ኮምፒውተር ለማየትና ለመቆጣጠር የሚያገለግል ፕሮግራም ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ የሰርቨሩንም የተጠቃሚውንም ፕሮግራም በነጻ ታገኙታላችሁ።

ሪሌይ ሰርቨር ምን ይሠራል?

አብዛኛው ኮምፒውተር ከሮውተር ጀርባ ነው ያለው። ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ይችላል፣ ከውጭ ግን ማንም በቀጥታ አይደርስበትም። የእናንተም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወደ ውጭ ወጥተው የሚገናኙበት ሦስተኛ ቦታ ያስፈልጋል።

ረስትዴስክ ይህን ሥራ ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ኤችቢቢኤስ ይባላል፣ የአይዲ ሰርቨር ነው፤ አይዲ ማለት እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚታወቅበት ቁጥር ነው። የትኛው ኮምፒውተር በየትኛው አድራሻ እንዳለ መዝግቦ ይይዛል፣ አንዱ ሌላውን ሲፈልግም ያስተዋውቃቸዋል። ከተዋወቁ በኋላ ሁለቱ ኮምፒውተሮች በየሮውተራቸው ቀዳዳ ከፍተው በቀጥታ ለመገናኘት ይሞክራሉ። ከተሳካ ሰርቨሩ ከመሃል ይወጣል። ካልተሳካ ሁለተኛው ፕሮግራም፣ ኤችቢቢአር፣ ይገባል። ሪሌይ የሚባለው እሱ ነው፤ የስክሪኑን ምስልና የማውሱን እንቅስቃሴ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል።

ሁለቱም አንድ ማሽን ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። አብዛኛው ሰውም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ዝግጁ ሰርቨር እያለ የራሴን ለምን አቆማለሁ?

አንደኛው ምክንያት ፍጥነት ነው። ሪሌዩ ሌላ አህጉር ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ክሊክ እዚያ ደርሶ ነው የሚመለሰው፤ ማውሱ እየተጎተተ የሚሄድበት ስሜት ከዚህ ይመጣል። ለእናንተና ለምትረዷቸው ሰዎች የሚቀርብ ቦታ ላይ ሰርቨር ስታቆሙ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ሁለተኛው ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ከየት አድራሻ እንደተገናኘ የሚያሳየው መረጃ ነው። የስክሪኑ ይዘት ቢመሰጠርም ይህኛው መረጃ ሰርቨሩን ለሚያስተዳድረው ሰው ይታያል። የክሊኒክ፣ የሒሳብ ወይም የሕግ ቢሮ ኮምፒውተር የምትደግፉ ከሆነ ይህ መረጃ በእናንተ እጅ ቢሆን ይሻላል።

ሦስተኛው ነጻነት ነው። ሌላው ኩባንያ ሕጉን ቢቀይር፣ ነጻውን አገልግሎት ቢያጠብ ወይም "ለንግድ እየተጠቀማችሁ ነው" ብሎ ቢዘጋባችሁ ሥራችሁ አይቆምም።

በግልጽ ልንገራችሁ ግን፦ አልፎ አልፎ አንድ ዘመዳችሁን ብቻ የምትረዱ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። ሰርቨር ማቆም ማለት ሰርቨር መጠበቅ ማለት ነው። አፕዴት ይፈልጋል፣ ባክአፕ ይፈልጋል፣ ሲወድቅ የሚያነሳው ይፈልጋል።

የዊንዶውሱን ሪሞት ዴስክቶፕ ፖርት ከፍቼ ብጠቀምስ?

አታድርጉት። ፖርት 3389ን ለኢንተርኔት ክፍት ያደረገ ኮምፒውተር ቀን ከሌት ፓስዎርድ በሚሞክሩ ሮቦቶች ይደበደባል። በ2019 ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት ሲገኝ ምንም ፓስዎርድ ሳያስፈልግ በዚያው በር መግባት እንደሚቻል ታይቷል። የግድ ከሆነ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ውስጥ ብቻ ተጠቀሙበት።

ከረስትዴስክ ሌላ ምን አለ?

ሜሽሴንትራልን እዩት። እሱም ኮዱ ክፍት ነው፣ በራስ ሰርቨር ላይ ይጫናል፣ በብራውዘር በኩል ይሠራል። ብዙ ማሽን ያለበት ድርጅት ውስጥ ሁልጊዜ የተጫነ ኤጀንት (ከጀርባ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) አስቀምጦ ሁሉንም ከአንድ ገጽ ለማስተዳደር ይመቻል። "አሁን አንድ ሰው ደወለልኝ፣ ስክሪኑን ልይለት" ለሚለው ሥራ ግን ለእኔ ረስትዴስክ ይቀለኛል። የተቸገረው ሰው ፕሮግራሙን ከፍቶ ቁጥር ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ምን ዓይነት ሰርቨር ያስፈልገኛል?

ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው አያስጨንቃችሁ። ክላውድ ላይ ያለው ትንሹ ሊኑክስ ማሽን ይበቃል። ሪሌዩ ምስሉን አያቀናብርም፣ የተመሰጠረ ዳታ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው መስጠት ብቻ ነው ሥራው።

ማሰብ ያለባችሁ ስለ ባንድዊድዝ፣ ማለትም በኔትወርኩ ስለሚያልፈው የዳታ መጠን፣ ነው። በሪሌይ የሚያልፍ አንድ ግንኙነት እንደ ስክሪኑ ስፋትና እንደ እንቅስቃሴው በሰከንድ ከ30 ኪሎባይት እስከ 3 ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል። ለተራ የቢሮ ሥራ 100 ኪሎባይት ገደማ በቂ ነው። በሰከንድ 100 ኪሎባይት በሰዓት 360 ሜጋባይት ይሆናል። ያ ደግሞ ወደ ሰርቨሩ ይገባል፣ ከሰርቨሩም ይወጣል፤ ስለዚህ የክላውድ አቅራቢያችሁ ሁለቱንም አቅጣጫ የሚቆጥር ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ አስቡት። ከግንኙነቶቹ ብዙዎቹ በቀጥታ ከተሳኩ ግን ሪሌዩ ላይ የሚያርፈው ትንሽ ነው።

ቤት ወይም ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ባስቀምጠውስ?

ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ የራሳችሁ ይፋዊ አይፒ አድራሻ እንዳላችሁ አረጋግጡ። ሮውተራችሁ ውስጥ ገብታችሁ የኢንተርኔት በኩሉን አድራሻ እዩ። ከዚያ በብራውዘር አይፒ አድራሻችሁን ከሚያሳዩ ገጾች በአንዱ ላይ ከሚታየው ጋር አስተያዩት። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይ የሮውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል የሚጀምር ከሆነ፣ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ሥር አድርጓል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ሮውተር ላይ ፖርት መክፈት ዋጋ የለውም፤ ጥያቄው እናንተ ዘንድ ሳይደርስ አቅራቢው ጋ ይቀራል።

ሌላም ችግር አለ። ሰርቨሩ ቤት ሲሆን አንዳንድ ሮውተሮች ከውስጥ ወደ ራሳቸው የውጭ አድራሻ ዞሮ መመለስን አይፈቅዱም። ከውጭ ያለው ሰው ይገናኛል፣ ቤት ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ግን እምቢ ይላል። ብዙ ሰው ይህን የሰርቨር ችግር አድርጎ ያየዋል። መፍትሔው ቤት ውስጥ ላሉት ማሽኖች ዶሜይኑ ወደ ውስጠኛው አይፒ እንዲመራ ዲኤንኤሱን (የዶሜይን ስምን ወደ አይፒ የሚመራውን) ማስተካከል ነው።

መብራቱና ኢንተርኔቱ የማይታመን ከሆነ ደግሞ ክላውድ ይሻላል። ሰው የእናንተን እርዳታ በሚፈልግበት ሰዓት ሰርቨሩ ጠፍቶ መገኘት የለበትም።

አጫጫኑ እንዴት ነው?

ቀላሉ መንገድ ዶከር ነው፤ ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ሳጥን ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። የረስትዴስክ ሰርቨር ኢሜጅ (የተዘጋጀ ጥቅል) ውስጥ ሁለቱም ፕሮግራሞች አሉ፣ ሁለት ኮንቴይነር ታስነሳላችሁ፣ አንዱ ኤችቢቢኤስን አንዱ ኤችቢቢአርን ያስኬዳል። ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ኮንቴይነሮቹን በሆስት ኔትወርክ (በማሽኑ በራሱ ኔትወርክ) አስነሷቸው፤ አለዚያ ኤችቢቢኤስ የተጠቃሚዎቹን እውነተኛ አድራሻ ትቶ የዶከሩን የውስጥ አድራሻ ሊያይ ይችላል። ሁለተኛ፣ የዳታ ፎልደሩን ከኮንቴይነሩ ውጭ ካለ ፎልደር ጋር አያይዙት፣ ለሁለቱም አንድ ፎልደር። ይህን ያልኩበትን ምክንያት ስለ ቁልፉ በተጻፈው መልስ ታገኙታላችሁ።

ማሽኑ ሲነሳ ራሳቸው እንዲነሱም አድርጉ። ዶከር የማትወዱ ከሆነ ፕሮግራሞቹን በቀጥታ አውርዳችሁ እንደ ሲስተም ሰርቪስ ማስኬድ ትችላላችሁ።

የትኞቹን ፖርቶች ልክፈት?

ችግሩ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር እዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። ቲሲፒና ዩዲፒ ዳታ የሚላክባቸው ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። አራት ነገር ያስፈልጋችኋል፦

- 21115 በቲሲፒ፦ ሮውተሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ለመፈተን
- 21116 በቲሲፒ፦ ቀጥታ ግንኙነት ለመሞከር
- 21116 በዩዲፒ፦ አይዲ ለመመዝገብና "አለሁ" ለማለት
- 21117 በቲሲፒ፦ ለሪሌዩ

ሦስተኛውን ደግማችሁ አንብቡት። 21116 በሁለቱም ይከፈታል፣ በቲሲፒም በዩዲፒም። ሰው ቲሲፒውን ብቻ ከፍቶ ያልፋል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል፣ አይዲው ግን አይመዘገብም ወይም ኦንላይን ያለው ኮምፒውተር ኦፍላይን ነው ይባላል። ዩዲፒን ደግሞ በተራ የፖርት መፈተሻ ገጽ መፈተን አይቻልም ማለት ይቻላል፣ አብዛኞቹ የሚፈትኑት ቲሲፒን ብቻ ነው።

21118 እና 21119 የሚያስፈልጉት በብራውዘር የሚሠራውን ስሪት ለሚጠቀም ነው። 21114 ደግሞ ክፍያ ያለው የፕሮ ሰርቨር የአስተዳደር ገጽ ነው። የማትጠቀሙባቸውን ዝጉ።

ፋየርዎል ሁለት ቦታ እንዳለም አስታውሱ። አንዱ ማሽኑ ላይ ያለው ነው። ሌላው ክላውድ አቅራቢው በድረ ገጹ ላይ የሚያስቀምጠው ነው። አንዱን ከፍቶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው። የማሽኑን ፋየርዎል ከማብራታችሁ በፊት ደግሞ በኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት በትእዛዝ ለማስተዳደር) የምትገቡበትን ፖርት ፍቀዱ፣ አለዚያ ከራሳችሁ ሰርቨር ውጭ ትቀራላችሁ።

ቁልፉ ምንድን ነው? ለምንስ ያን ያህል አስፈላጊ ሆነ?

ሰርቨሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ዳታ ፎልደሩ ውስጥ ሁለት የቁልፍ ፋይሎች ይፈጥራል። የሁለቱም ስም ውስጥ ኢዲ25519 የሚል አለ፣ አንደኛው ብቻ መጨረሻው ላይ ፐብ የሚል ቅጥያ አለው። ፐብ ያለው ይፋዊው ነው፤ በውስጡ ያለውን አጭር ጽሑፍ ኮፒ አድርጋችሁ ለተጠቃሚዎቻችሁ ትሰጣላችሁ። ሌላኛው የግል ቁልፍ ነው። እሱ ከሰርቨሩ አይወጣም፣ ለማንም አይላክም፣ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍም።

ይፋዊው ቁልፍ የሰርቨሩን ማንነት ማረጋገጫ ነው። ኮምፒውተሮቹ ሲተዋወቁ ሰርቨሩ "ይህ አይዲ በእርግጥ የእሱ ነው" ብሎ ይፈርማል፣ ፊርማው የሚመረመረው በዚህ ቁልፍ ነው። ቁልፍ ሳይሞላ የሚደረግ ግንኙነት ሳይመሰጠር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩን ስታስነሱ ቁልፍ የሌለው ሰው እንዳይገናኝ የሚያስገድደውን አማራጭ አብሩት፣ ለኤችቢቢኤስም ለኤችቢቢአርም። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ አድራሻችሁን ያገኘ ሁሉ በእናንተ ባንድዊድዝ እንዳይጠቀም ያደርጋል።

አሁን የዳታ ፎልደሩ ነገር። ፎልደሩን ከውጭ ሳታያይዙ ኮንቴይነሩን ብታጠፉትና እንደገና ብታስነሱት ሰርቨሩ አዲስ ቁልፍ ይፈጥራል። በዚያች ደቂቃ ያዋቀራችኋቸው ኮምፒውተሮች በሙሉ ቁልፉ አይመሳሰልም ይላሉ። እያንዳንዱን ባለቤት መደወልና ቁልፉን በድምፅ ማስገባት ትጀምራላችሁ፣ ያውም ከርቀት ማየት ሳትችሉ። ሁለቱን ፋይሎች ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ላይ ባክአፕ አድርጉ።

በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ምን ልሙላ?

ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ የሚለው ጋ ግቡ፣ መቆለፊያውን ክፈቱ፣ የአይዲና ሪሌይ ሰርቨር የሚለውን ምረጡ። አራት ሳጥን ታያላችሁ። የአይዲ ሰርቨር ላይ አድራሻችሁን ጻፉ። የሪሌይ ሰርቨሩ ያው ማሽን ከሆነ ባዶ ብትተዉት ራሱ ያገኘዋል። የኤፒአይ ሰርቨር የሚለው ለፕሮ ነው፣ ተዉት። ቁልፉን ከነሙሉ ፊደሉ ለጥፉ፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ የእኩል ምልክት አለ፣ ኮፒ ሲደረግ እሱ ይቀራል።

አድራሻው ላይ ከአይፒ ይልቅ ዶሜይን ጻፉ። ነገ ሰርቨር ብትቀይሩ ዲኤንኤሱን አንድ ቦታ ትቀይራላችሁ፣ ኮምፒውተሮቹን አትነኩም። አይፒ ከጻፋችሁ ግን እንደገና አንድ በአንድ ትዞራላችሁ።

ከታች ዝግጁ ነው የሚል ጽሑፍ ከአረንጓዴ ነጥብ ጋር ካያችሁ ተመዝግቧል ማለት ነው። ሁለቱም ወገን አንድ ሰርቨር ላይ ቢሆኑ ይሻላል። እናንተ በራሳችሁ ሰርቨር፣ ተረጂው በኩባንያው ሰርቨር ሆኖ አይዲውን ብቻ ብትጽፉ አይገናኝም፣ አይዲው የለም ነው የሚላችሁ።

ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ እንዴት ይሞላል?

እንዲሞላ አትጠይቁት። ዊንዶውስ ላይ የፕሮግራሙን ፋይል ስም በመቀየር ብቻ አድራሻውንና ቁልፉን ማስገባት ይቻላል። ስሙ ውስጥ ሆስት ብላችሁ አድራሻውን፣ ኪይ ብላችሁ ቁልፉን ትጽፋላችሁ፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት ከስሙ ያነባቸዋል። ሰውየው ማውረድና መክፈት ብቻ ነው ሥራው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ቁልፉ ውስጥ ዊንዶውስ በፋይል ስም የማይቀበለው ምልክት፣ ለምሳሌ ስላሽ፣ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ከሆነ ለማንም ሳታከፋፍሉ ገና በመጀመሪያው የቁልፍ ፋይሎቹን አጥፍታችሁ ሰርቨሩን እንደገና አስነሱ፣ ምልክቱ የሌለበት ቁልፍ እስኪመጣ ድረስ። ሌላው፣ ሰውየው ፋይሉን ሁለት ጊዜ ካወረደ ብራውዘሩ ስሙ መጨረሻ ላይ በቅንፍ ቁጥር ይጨምራል፣ ያ ቁጥር ከቁልፉ ጋር ይጣበቅና ያበላሸዋል። ከቁልፉ በኋላ አንድ ነጠላ የላቲን ኮማ ጨምሩበት፣ ይድናል።

ለማክና ለሊኑክስ ደግሞ አንድ የተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ የሰርቨሩን ሴቲንግ ኤክስፖርት አድርጋችሁ የሚወጣውን ጽሑፍ ሌላው ላይ ኢምፖርት ማድረግ ትችላላችሁ።

ግንኙነቱ ቀጥታ ይሁን በሪሌይ እንዴት አውቃለሁ?

በተከፈተው መስኮት አናት ላይ ከአይዲው ጎን ያለችው የጋሻ ምልክት ላይ ማውሱን አሳርፉ። ቀጥታ ወይም በሪሌይ፣ የተመሰጠረ ወይም ያልተመሰጠረ ብላ ትነግራችኋለች። ያልተመሰጠረ ካለች ቆሙና ቁልፉን አስተካክሉ።

ሪሌዩ መሥራቱን መፈተን ከፈለጋችሁ ሆን ብላችሁ በሪሌይ ግቡ፤ ከአይዲው ቀጥሎ ስላሽና አር የምትለዋን የላቲን ፊደል ጻፉ። ይህን ፈተና የግድ አድርጉት እላለሁ። ቢሮ ውስጥ ሁለት ላፕቶፕ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ "ሠራ" ማለት ሪሌዩን አልፈተነም፣ በአንድ ኔትወርክ ስላሉ በቀጥታ ተገናኝተው ይሆናል። አንዱን በስልክ ኢንተርኔት አገናኙና እዩት።

የሰርቨሩ አስተዳዳሪ የሰውን ስክሪን ማየት ይችላል?

ቁልፉ በትክክል ከተሞላ ምስሉ ከአንዱ ኮምፒውተር ተመስጥሮ ይወጣል፣ ሌላው ጋ ደርሶ ይፈታል። ሪሌዩ መሃል ላይ የሚያየው የማይነበብ ዳታ ነው። ነገር ግን የግል ቁልፉን የያዘ ሰው የአይዲዎቹን ማንነት የሚፈርመው እሱ ስለሆነ የሐሰት ፊርማ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ የግል ቁልፉ የተሰረቀ ሰርቨር አይታመንም፤ እንደዚያ ከተጠራጠራችሁ አዲስ ቁልፍ ፍጠሩ፣ ቢያደክምም።

ስለ ፓስዎርድስ?

ሦስት መንገድ አለ። ተረጂው "ተቀበል" የሚለውን እንዲጫን ማድረግ፣ በየጊዜው የሚቀየረውን የአንድ ጊዜ ፓስዎርድ መጠቀም፣ ወይም ቋሚ ፓስዎርድ ማስቀመጥ።

ሰው ኮምፒውተሩ አጠገብ እስካለ ድረስ ቋሚ ፓስዎርድ አታስቀምጡ። ሰውየው ማን እንደገባ ይወቅ፣ ራሱ ይፍቀድ። የእናንተ ሥራ የቴክኒክ ቢሆንም የገባችሁት ሰው ፎቶው፣ መልእክቱና የባንክ ገጹ ያለበት ቦታ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ክፍት ያሉትን ነገሮች እንዲዘጋ ንገሩት፣ ሥራው ሲያልቅም "ወጣሁ" በሉት።

ቋሚ ፓስዎርድ ማንም አጠገቡ ለማይቀመጥ ማሽን ነው፣ ሌሊት መድረስ ያለባችሁ የቢሮ ኮምፒውተር ዓይነት። ያኔም ለእያንዳንዱ ማሽን የተለያየና ረጅም ይሁን። ለሃምሳ ኮምፒውተር አንድ ፓስዎርድ ማለት አንዱን ያወቀ ሃምሳውን አወቀ ማለት ነው። በአዳዲሶቹ ስሪቶች በስልክ አፕ የሚመጣ ስድስት አሃዝ የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ አለ፣ አብሩት። ከተወሰኑ አይፒ አድራሻዎች ውጭ እንዳይገባ የሚያደርግ ዝርዝርም አለ።

የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚጠይቀው መስኮት ሲመጣ ምንም መንካት አልቻልኩም፣ ለምን?

ፕሮግራሙ ሳይጫን ዝም ብሎ ስለተከፈተ ነው። ዊንዶውስ ያንን መስኮት ለተራ ፕሮግራም አያስነካም። ረስትዴስክ ኢንስታል ሲደረግ እንደ ሰርቪስ ስለሚሠራ ይችላል። ተረጂው በስልክ እየተመራ "አዎ" የሚለውን ይጫንላችሁ፣ ከዚያ ኢንስታል አድርጉት።

ማክ ላይ ገባሁ፣ ግን ጥቁር ስክሪን ነው። ማውሱም አይሠራም።

ፈቃድ ነው የጎደለው። ሲስተም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቨሲ የሚለው ጋ ስክሪን ሪኮርዲንግ ካልተፈቀደ ምስል አይመጣም፣ አክሰሲቢሊቲ ካልተፈቀደ ማውስና ኪቦርድ አይሠራም። ይህን ከርቀት መፍቀድ አይቻልም፣ አጠገቡ ያለው ሰው ነው የሚያደርገው። ከፈቀደ በኋላ ፕሮግራሙን ዘግቶ ይክፈተው።

ሊኑክስስ? ስልክስ?

ሊኑክስ ላይ ዌይላንድ (አዲሱ የስክሪን ማሳያ ሥርዓት) ያስቸግራል፤ ማንም ሳይኖር መግባት ከፈለጋችሁ ሎግኢን ስክሪኑን ወደ ኤክስ11፣ ወደ አሮጌው ሥርዓት፣ ቀይሩት። አንድሮይድ ስልክ ማየትም መቆጣጠርም ይቻላል፣ ለመቆጣጠር የአክሰሲቢሊቲ ፈቃድ ይፈልጋል። አይፎን ሌላውን ለመቆጣጠር ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ እሱን ራሱን መቆጣጠር አይቻልም።

ትላንት ይሠራ የነበረው ኮምፒውተር ዛሬ ኦፍላይን ነው ይላል

ከሰርቨሩ በፊት ኮምፒውተሩ እንቅልፍ ላይ እንዳልሆነ አረጋግጡ። ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፣ ዴስክቶፕም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንዲተኛ ተደርጎ ይሆናል። ሌሎቹ ማሽኖች በሙሉ ከጠፉ ግን ችግሩ ሰርቨሩ ጋ ነው፤ ሁለቱ ፕሮግራሞች መነሳታቸውን፣ ዲስኩ አለመሙላቱን፣ ዶሜይኑ ጊዜው አለማለፉን እዩ።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። ረስትዴስክ የተጫነበትን ዲስክ ኮፒ አድርጎ በብዙ ኮምፒውተር ላይ ያባዛ ሰው ሁለት ማሽን አንድ አይዲ ይዘው ሲጣሉ ያገኛል። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይጠፋል። ፕሮግራሙን ከማባዛቱ በኋላ ጫኑት።

ነጻው ሰርቨር ምን ይጎድለዋል?

የአስተዳደር ገጽ፣ የተጠቃሚ አካውንትና የጋራ የአድራሻ መዝገብ የለውም፤ እነዚህ በፕሮው ነው የሚገኙት። ለአንድ ሰው ወይም ለትንሽ ቡድን የግድ አይደሉም። የትኛው አይዲ የማን እንደሆነ በራሳችሁ ሰንጠረዥ ያዙ፣ ፓስዎርዶቹን ግን እዚያው አትጻፉ፤ እነሱ የፓስዎርድ ማኔጀር ውስጥ ይቀመጡ። ቡድኑ አድጎ "ማን የትኛው ማሽን ላይ መግባት ይችላል" የሚለውን መቆጣጠር ሲያስፈልግ ያኔ ስለ ፕሮው አስቡ።

ደንበኞቼን ከአጭበርባሪ እንዴት እጠብቃለሁ?

እንዲህ ዓይነት ሶፍትዌር ለሌቦችም መሣሪያ ነው። "ከባንክ ነው የምደውለው"፣ "ኮምፒውተርዎ ቫይረስ አለበት" ብለው ይደውላሉ፣ ፕሮግራም ያስጭናሉ፣ ቁጥሩን ያስነብባሉ፣ ገንዘቡን ይወስዳሉ። ሰውን በስልክ ቁጥር አንብብልኝ እያልን የምናለማምድ እኛ ስለሆንን የማስጠንቀቅ ኃላፊነቱም የእኛ ነው።

ለምትረዱት ሰው ቁርጥ ያለ ነገር ንገሩት። እሱ ራሱ ሳይደውል ማንም ደውሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ልግባ ቢለው ስልኩን ይዝጋ። እኔ ነኝ የሚል ድምፅ ቢሰማ እንኳ በሚያውቀው ቁጥር መልሶ ይደውል። የአንድ ጊዜ ሥራ ከሆነ ስትጨርሱ ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ ላይ አጥፉለት።

ሰርቨሩን ወደ ሌላ ማሽን ማዛወር ብፈልግስ?

የዳታ ፎልደሩን በሙሉ ኮፒ አድርጉ፣ ሁለቱን የቁልፍ ፋይሎችና የአይዲ ዳታቤዙን ማለት ነው። አዲሱ ማሽን ላይ ሰርቨሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ፎልደሩን ቦታው ላይ አስቀምጡት፣ አለዚያ ቀድሞ አዲስ ቁልፍ ይፈጥራል። ፖርቶቹን ክፈቱ፣ ከዚያ ዲኤንኤሱን ወደ አዲሱ አዙሩ። ማዛወሩን ካሰባችሁበት ቀን ቀደም ብላችሁ የዲኤንኤሱን የቆይታ ጊዜ (ቲቲኤል) ወደ ጥቂት ደቂቃ ብታወርዱት ለውጡ ቶሎ ይዳረሳል። አሮጌውን ሰርቨር ወዲያው አታጥፉት፤ ኮምፒውተሮቹ በሙሉ አዲሱ ላይ መመዝገባቸውን አይታችሁ ዝጉት። ስትዘጉትም የግል ቁልፉን ከዲስኩ አጥፉ።